አድሬናሊን እልፍኝ ሊገባ ሲል

ተረት ላወራችሁ ነው፤ «ጆሯችን ያንተ ነው» በሉኝ።

ድሮ፣ አውሬ ሲያወራ የሆድ ዕቃውም አብሮ ያወራ በነበረበት ዘመን፣ በአንዲት ሚዳቋ ገላ ውስጥ ሁለት መልእክተኞች ነበሩ። አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይባላሉ። ቤታቸው አንድ ነው፤ ከኩላሊት አናት ላይ ያለችው እጢ። ጠባያቸው ግን ለየቅል። አድሬናሊን የውሃ ወገን ስለሆነ ደም ውስጥ ሟሙቶ በእግሩ ይሮጣል። ኮርቲሶል የቅባት ወገን ስለሆነ ደም ውስጥ እንደልቡ አይሟሟም፤ ፕሮቲን በምትባል በቅሎ ተፈናጦ ቀስ እያለ ይሄዳል።

አንድ ቀን ሚዳቋዋ ሣር ስትግጥ ነብር ተነሣባት። አንጎል «ጉበት ስኳሩን ይልቀቅ፣ እግር ጉልበት ይፈልጋል!» ብሎ ላከ። አድሬናሊን ብድግ ሲል ኮርቲሶል ሳቀበት።

«ሂድ እንጂ፣ ደጅ ጠኚው! እኔ እልፍኝ ድረስ ነው የምገባው። አንተን ከበር ያሳለፈህ ማን አለ?»

ነገሩ አድሬናሊንን ከነከነው። ጉበት ሲደርስ በአንዲት ሕዋስ በር ላይ አያ ተቀባይ የሚባል በረኛ ቆሟል። ሕዋስ ማለት ገላ የተሠራባት ትንሽ ቤት ናት፤ ግድግዳዋ ቅባት ነው።

«መልእክትህን ወዲህ በል» አለ በረኛው።

«ራሴ ገብቼ ነው የምናገረው» አለና ግድግዳውን ገፋ። ውሃና ቅባት መቼ ተስማምተው! ተንሸራተተ። ነብሩ ቀረበ።

ደግሞ ገፋ። ተንሸራተተ። ነብሩ ይበልጥ ቀረበ።

ለሦስተኛ ጊዜ ገፋ። ተንሸራተተ። የነብሩ ጥፍር የሚዳቋዋን ጭራ ነካ።

«አንተ ሰውዬ» አለ አያ ተቀባይ፣ «እሷ ከተበላች የምትገባበት እልፍኝ የት ሊኖር ነው?»

አድሬናሊን አፈረ። የበረኛውን እጅ ጨብጦ ቃሉን ነገረው። በረኛው ወደ ውስጥ ተጣራ፤ የውስጥ አሽከሮች ተቀባበሉት፤ አንዱ ለአሥር፣ አሥሩ ለመቶ። የስኳሩ ጎተራ ተከፈተ። ሚዳቋዋ ከፊቷ ያለውን ፈፋ በአንድ ዝላይ ተሻገረች፤ ነብሩ ማዶ ቀረ።

ኮርቲሶል የደረሰው ነብሩ ተስፋ ቆርጦ ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከበቅሎው ወርዶ በግድግዳው ውስጥ አለፈ፤ ከሕዋሷ እምብርት፣ ከእልፍኙ ገብቶ የሥራ መጽሐፏን አስገለጠና «ባዶውን ጎተራ ሙሉ» ብሎ አዘዘ። ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ ግን ይበረክታል።

ሲወጣ «ነብሩስ?» ብሎ ጠየቀ።

«አንተን ብንጠብቅ ኖሮ» አለ አያ ተቀባይ፣ «የምትሞላው ጎተራ አታገኝም ነበር።»

ኮርቲሶል በቅሎውን ተፈናጦ መንገዱን ቀጠለ።

እናንተም ስሙ፦ መልእክተኛ ቃሉን ያድርስ እንጂ፣ እልፍኝ ገባ፣ ደጅ ቀረ አይባልም።