ቀይ አፈር የያዘው ጎመን

አንድ ሰው ነበረ፤ ጥቅል ጎመን በመትከል የታወቀ። ቆዪ ስመኝ፣ አትቁነጥነጪ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ላስተምር ክፍል ልገባ ነው፤ ተማሪዎቼ የማላውቀውን ቢጠይቁኝ ምን ብዬ ልለፈው?» ነው ያልሽኝ። ልለፈው! ገና ማስተማሩን ሳትጀምሪ ማምለጫውን ፈለግሽ። በይ አሁን ስሚኝ።

ይህ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ትንሹም ትልቁም ጓሮውን የሚወድ ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ «የጓሮ ቀን» ይሉና ከመካከላቸው በአንዱ ጓሮ ይሰበሰባሉ። ያወቀ ያስተምራል፣ ያላወቀ ይጠይቃል፣ ዘር ይለዋወጣሉ፣ ንፍሮ ይበላሉ። አንድ ደንብም አላቸው፤ ባለጓሮው በመጨረሻ ከአትክልት መደቡ አንዱን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ በዕድሜ ከሁሉ ለሚበልጠው እንግዳ ያስረክባል፣ ምርቃት ይቀበላል፣ ሰውም ይበተናል።

የዚያን ዓመት ተራው የእርሱ ሆነና ደስታው ልክ አጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱን መደብ ጎመን ብቻ ሲተክልበት ኖሯል። «ይሄ መደብ የተባረከ ነው፤ ጎመን የለመደውን መሬት ይወዳል» ይል ነበር። ሰፈሩም ይህንን አባባል እንደ ወንጌል ይዞት ነበር።

ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ጎመኑ ቀን ቀን ይጠወልግ፣ ፀሐይ ስትበርድ ቀና ይል ጀመር። ከዚያ ቀና ማለቱንም ተወው። ውሃ ቢያጠጣው፣ ፍግ ቢጨምርለት ወይ ፍንክች! ሰውዬው እህል አስጠላው። ሚስቱ «ለሰዎቹ ንገራቸውና ዘንድሮ ሌላ ጓሮ ያድርጉት፤ ምን ያሳፍራል?» ብትለው፣ «ባለጎመኑ ጎመን ሞተበት ልባል? ሞቼ ነው ቆሜ!» ብሎ ጮኸባት። አየሽ፣ የሞተው ጎመኑ ነው፤ እርሱ የሚያለቅሰው ግን ለስሙ ነበር።

በዋዜማው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሞተውን ጎመን እየመነገለ ከአጥሩ ሥር ወረወረና ጆንያ ጣለበት። ያፈረ ሰው ነውና ሥሩን እንኳ አላየውም። ከዚያ ጋሪ ይዞ ዳገቱ ላይ ወደሚኖረው የሚስቱ ወንድም ሄደ፤ የደረሱ ሃያ ጥቅል ጎመኖች ከነአፈራቸው አስነቅሎ አመጣና ባዶው መደብ ላይ ተከላቸው። አጠጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ አየው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምር ነበር።

በነጋታው ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። «እሰይ! እጅህን ይባርከው!» የማይል አልነበረም። እርሱም ስለ ውሃው፣ ስለ ፍጉ፣ ስለተባረከው መደቡ ሲያስተምር ድምፁ እየደመቀ ሄደ። ምስጋናው ሲበዛማ ያ የሰው ጎመን የራሱ መስሎ ታየው።

ይሄኔ አንዲት መበለት እጇን አወጣች። ልጆቿን ከጓሮዋ የምታበላ፣ ድምፅዋ ብዙ የማይሰማ ሴት ናት። «ጋሼ» አለችው፣ «አምና አንተ እንዳልከው የለመደው መደብ ላይ መልሼ ተከልኩት። ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል፤ በኋላ ሁሉም ሞተብኝ። አሁን የቀሩኝ ስልሳ ችግኞች ናቸው። እነሱ ከሞቱ ለዘንድሮ ምንም የለኝ። ምን ላድርግ?»

ሰውዬው ክው አለ። የራሱ ጎመን በሽታ ነው! መድኃኒቱን አያውቅም፤ ሰዉ ደግሞ አፍ አፉን ያየዋል። «ውሃ ጠምቶት ነው» አለ፣ ቅንድቡ እንኳ ሳይነቃነቅ። «ጠዋትና ማታ አጠጪ። ችግኙንም እዚያው መደብ ላይ ትከዪው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ እተክለዋለሁ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች።

ብትጠራጠረው፣ ብትከራከረው በቀለለው ነበር። እርሷ ግን አመነችው። ሰውዬው ወሬውን ሊቀጥል ሲል ስልሳው ችግኝ አንድ በአንድ ሲጠወልግ፣ ልጆቿ ባዶ ድስት ከፍተው ሲያዩ ታየው።

«ቆዪ እቴ!» አለ። «እንዳትተክዪ! ዋሽቼሻለሁ። አላውቅም።»

ይህን ብሎ ጎንበስ አለና ከመደቡ መሀል ትልቁን ጎመን በሁለት እጁ ነቅሎ ከፍ አደረገው። ያ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ጥቁር አፈር ነው። ከጎመኑ ሥር ተጣብቆ የወጣው አፈር ግን ቀይ፣ የዳገቱ አፈር ነበር። ሰዉ ጎመኑን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ሰውዬውን አየ። «ምነው ሸዋ!» አለ አንዱ። «ጎመኑም እንደኛ ሊማር ከዳገት ወርዶ ነው እንዴ?» አለ ሌላው፣ ሳቁም ጓሮውን ሞላው። ሰውዬው እስከ ጆሮው ጋለ። ያም ሆኖ ወደ አጥሩ ሄዶ ጆንያውን ገፈፈና «የኔ ጎመን ይኸውላችሁ። እንደ እርሷው ነው የሞተብኝ። የሚያውቅ ካለ ይንገረን» አለ።

ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። አንዱን ጎመን አንስተው ገለበጡት። ሥሩ እንደ ዝንጅብል ተቆላልፎ አብጧል።

«ይኸዋ! የታመመው ሥሩ ነው» አሉ። «ውሃውማ ሞልቶለታል፤ መጠጣት አቅቶት ነው እንጂ። በሽታው አፈሩ ውስጥ ይተኛል፤ ጎመን በጎመን ላይ በተከልክ ቁጥር ትቀልበዋለህ። አባቴ ጎመን የተነሳበትን መደብ ለባቄላና ለሽንኩርት ለቆ ስንት ዓመት ጎመን አያስነካውም ነበር። አንቺም ልጄ፣ ችግኝሽን ጎመን ነክቶት በማያውቅ መሬት ትከዪ። ዶማሽንም ሳታጥቢ ከታመመው መደብ ወደ አዲሱ አታዙሪ።»

«ታዲያ እማማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አሉ?» አላቸው ሰውዬው።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አንተ ስታስተምር ማን ይናገራል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ሳቁበት።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። አንዱ ተነስቶ «የኔም ሞቷል» አለ። ሌላዋ «እኔም በቅጠል ሸፍኜው ነው የመጣሁት» አለች። ለካ ከመጡት ሰባቱ፣ እያንዳንዳቸው በእኔ ብቻ የደረሰ ነው እያሉ፣ የሞተ ጎመን በየጓሯቸው ደብቀው ኖሯል! የዚያን ቀን ማንም በጊዜ ቤቱ አልገባም። ሥር እየገለበጡ ሲያዩ፣ ሲጠያየቁ፣ ሲሳሳቁ ዋሉ። እማማም ደንቡን አላስቀሩም፤ ቀይ አፈር የያዘውን ጎመን ተቀብለው «ምርቃቱን ለዳገቱ ሰውዬ አድርሱልኝ፤ ጎመኑ የእርሱ ነው» አሉ። መበለቲቱ ችግኟን አተር በነበረበት ጥግ ተከለች። በበጋው ልጆቿ በሉ፣ ለጎረቤትም ተረፈ።

እንግዲህ ስመኝ፣ ባለጎመኑ አንቺ ነሽ። ተማሪዎችሽ ደግሞ ያቺ መበለት ናቸው፤ ያልሻቸውን አምነው ይዘውት ይሄዳሉ። ያልሆነ መልስ ስትሰጪ አንቺ የዳንሽ ይመስልሻል፤ መልሱ ግን ስልሳ ቦታ ይተከላል። «አላውቅም» ስትዪ ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ! የሳቀ ልጅ ቀጥሎ «እኔም አልገባኝም» ለማለት ይደፍራል። ያኔ ሥሩን አብራችሁ ገልብጣችሁ ታያላችሁ።

ከየት አመጡት እንዳትዪኝ። እኔ በመጀመሪያው የመምህርነት ዓመቴ አንዱ ልጅ ሲጠይቀኝ የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው አድርጌ መለስኩለት። ሃያ ዓመት ቆይቼ፣ ያ ልጅ ራሱ መምህር ሆኖ፣ ያንኑ ስህተቴን ለተማሪዎቹ ሲያስተምር በመስኮት ሰማሁት። ገባሁና በተማሪዎቹ ፊት «ልጄ፣ ያን ቀን ስመልስልህ አላውቅም ነበር» አልኩት።