እስኪለምኗት የጠበቀችው ጃርት

እህ ብላችሁ ስሙኝ፤ ካልሰማችሁኝ አልጀምርም። ሰማን አላችሁ? በሉ እንግዲህ። ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ እንደ እኛ ሸንጎ ተቀምጦ በሚነጋገርበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንድ ምንጭ ነበረ። የምንጩ ጠባቂ አሮጊቷ ኤሊ ሞተችና ቦታው ክፍት ሆነ። ጠባቂ የሆነ ምንጩ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት ከነልጆቹ ከሁሉም ቀድሞ ይጠጣል። ሥራው ምንጩን መጥረግና ውሃው እንዳይደፈርስ መጠበቅ ነው።

ይህን ሥራ እሜቴ ጃርት ፈለገችው። ፈለገችው ስላችሁ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ልጆች አሏት፤ የምትኖረው ከተራራው ማዶ ነው። በበጋ ልጆቿ ወርደው ጠጥተው ቤታቸው እስኪመለሱ እንደገና ይጠማቸዋል። ታናሽየውማ መንገድ ላይ እየተቀመጠ ያለቅሳል። ያንን ጉድጓድ ብታገኝ ልጆቿ በጥም መሰቃየታቸው ይቀራል።

ሽማግሌዎቹ ዝሆን፣ ዋልያና ጉጉት ምንጩ ዳር ካለው ሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሥራ ፈላጊዎቹን አንድ በአንድ አስገቡ። መጀመሪያ ዝንጀሮ ገባ። የአባቱንና የአያቱን ጀግንነት ሲተርክ ስለ ውሃው ሳያነሳ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ደረሰች። ቀጥላ ጃርት ገባች። ምንጩ ቢደፈን ምን ታደርጊያለሽ ቢሏት፣ ከየት ጀምራ እንደምትቆፍር ነገረቻቸው። ማን ቀድሞ ይጠጣል ቢሏት፣ ግልገልና እርጉዝ አለች። አንበሳ ቢጋፋሽስ ቢሏት፣ ዞር ብላ እሾኋን አሳየቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

በመጨረሻ አያ ዝሆን፣ «እኛ ጨርሰናል። አንቺስ የምትይን አለ?» አላት።

እኔ የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ጃርት በልቧ ስጡኝ፣ እባካችሁ ስጡኝ ትላለች። ግን እናቷ ምን ብላ እንዳሳደገቻት ታውቃላችሁ? ጨዋ ልጅ ሰው ቤት ሄዳ ብዪ ሲሏት መጀመሪያ ጠግቤያለሁ ትላለች፤ ሲደግሙላት ኧረ በቃኝ ትላለች፤ በሦስተኛው በሞቴ ሲሏት ብቻ ትቆርሳለች። እና ይህቺ ጨዋ አንገቷን ደፋች።

«እኔማ ምን እላለሁ» አለች። «እናንተ እንዳያችሁ። ከእኔ የተሻለ ካለ ለእሱ ይሁን።»

ከዚያ በሞቴ እስኪሏት ጠበቀች። እነሱ ግን እግዜር ይስጥልን ብለው አሰናበቷት። ሾላውን አልፋ እሾኋን የምታራግፍ መስላ ቆመች፤ አልጠሯትም። ትልቁ ድንጋይ ጋ ደርሳ እግሯን የወጋት መስላ ቆመች፤ አልጠሯትም። ዳገቱ ሥር ስትደርስ የምታስመስለው ነገር አለቀባትና እንዲሁ ቆመች። አሁንም አልጠሯትም።

መጨረሻ ላይ ከርከሮ ገባ። ምንጩ ቢደፈን ቢሉት፣ እኔ እንጃ አለ። ማን ቀድሞ ይጠጣል ቢሉት፣ ቀድሞ የደረሰ አለ። አንበሳ ቢጋፋህ ቢሉት፣ ዞር እልለታለኋ አለ። የምትለን አለ ወይ ሲሉት ግን፣ «አለኝ። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ ስጡኝ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ልባቸው ያለው ጃርት ጋ ነበር። ግን እሷ አልፈለገችውም ብለው ለከርከሮ ሰጡት።

ጃርት ይህን ስትሰማ እሾኋ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለሽኮኮ ነገረቻት፤ ሽኮኮ በደሉሽ አለቻት። ለቆቅ ነገረቻት፤ ቆቅም በደሉሽ አለቻት። ለፍልፈል ነገረችው፤ እሱም ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ በደሉሽ አላት። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ከርከሮ እንደ ልማዱ ምንጩ ውስጥ ይንከባለል ጀመር፤ ውሃው ጭቃ ሆነ። እንስሳቱ ይመጣሉ፣ ጭቃውን ያያሉ፣ እንደምን አደርክ አያ ከርከሮ ብለው ጭቃውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ዝሆን ዋልያ ይንገረው ይላል። ዋልያ ጉጉት ይንገረው ይላል። ጉጉት ደግሞ ዝሆንን የሚያህል ትልቅ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ ይላል። አሁን ይሄ ምን ይባላል? ጭቃ መጠጣት ከመናገር ቀለላቸው!

አንድ ቀን የጃርት ታናሽ ልጅ ያንን ጠጥቶ ሆዱን ታመመ። ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ፤ እናቱም እስከዚያ የቻለችው ትዕግሥት ሁሉ አለቀባት። እሾኋን እንዳቆመች ወርዳ፣ አውሬው ሁሉ ውሃ ሊጠጣ በተሰበሰበበት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«በደላችሁኝ» አለች። «እኔ እንደምሻል እያወቃችሁ ለእሱ ሰጣችሁት።»

«እናውቅ ነበር» አላት ዝሆን። «ለሌላ ይሁን ያልሽው ግን አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ደግማችሁ ብትለምኑኝ ምን ነበረበት?»

«ልጄ፣ እኛ እኮ ሠራተኛ ፈለግን እንጂ እንግዳ አልጠራንም።»

ጃርት ንዴቷ ባሰ፤ በማን እንደምትናደድ ግን ጠፋት። ቀጥሎ ያለችውን በሰው ፊት ብላ አታውቅም።

«ሥራውን እፈልገዋለሁ» አለች። «ስጡኝ።»

ሁሉም ወደ ከርከሮ ዞረ። ከርከሮ ከጭቃው ተነስቶ ጆሮውን አራገፈ።

«ይህን ያኔ ብትዪ ምን ነበር?» አላት። «እኔ የጠየቅሁት አንቺ ለሌላ ይሁን ማለትሽን ሰምቼ ነው። ለእኔ ጭቃ መች ይጠፋል!» ይህን ብሎ ወደ ረግረጉ ሄደ። ሽማግሌዎቹም ሥራው ያንቺ ነው አሏት።

ጃርት ምንጩ ዳር ተቀምጣ በንዴት አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ቆፈረች፣ ጠረገች። ውሃው ሲጠራ መጀመሪያ ያጠጣችው ያንን የታመመ ልጇን ነው። ልጁ ዳነ። ያን ሁሉ ጭቃ ያስጠጣው ግን ከርከሮ ብቻ እንዳልነበረ እናቱ ታውቃለች።

እናንተም ስሙኝ። ሰው ቤት ስትሄዱ ጠግቤያለሁ በሉ፤ ወግ ነው፣ ድርሻችሁን ማንም አይነካባችሁም። ሥራ ሊሰጥ የተቀመጠ ሰው ፊት ግን ችሎታችሁን ተናግራችሁ ስታበቁ፣ ሳትነሱ በፊት፣ እፈልገዋለሁ ስጡኝ በሉ። ሳትናገሩ ወጥታችሁ ኋላ በደሉን ብትሉኝ አልሰማችሁም።

ተረቴ አለቀ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ጠላ ስጡኝ።