ለሕመም የማይነፋ ጥሩምባ

«አንድ ጤነኛ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ይኄይስ።

እንግዳቸው እንዳላማው የጠየቃቸው ስለ ጤነኛ ሰው አልነበረም። ልጅ ሳለ እሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረ፣ ዛሬ የምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ነው፤ በማግስቱ ጉባኤ ላይ ቆሞ የሚከራከርበትን ጥያቄ ይዞ መጥቷል። «የኔታ፣ ሕዝቡ በሙሉ ወደ አንድ ቋት አዋጥቶ የታመመ ሁሉ ከዚያ ቢታከም ይሻላል? ወይስ መድን ሻጮቹ እንዳሉ ይሁኑና እንዳይበድሉ በሕግ እንሰራቸው?» ብሎ ነበር። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብስበው የመለሱለት በጤነኛው ሰው ነው።

ይህ ሰው ከወንዝ ወዲህ ባለች መንደር ይኖር ነበር። ሐኪሙም ቤተ ክርስቲያኑም ከወንዙ ማዶ ናቸው። ሰውየው ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም፤ የታመመ ሰው ሲያይ ቢያዝንም በሆዱ «ምን በልቶ ይሆን?» የሚል ዓይነት ነበር። ጤና እንዲህ ታደርጋለች፤ ያለችው ሰው በገዛ ጥረቱ ያገኛት ይመስለዋል።

መንደሪቱ ዕድር ነበራት። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይወጣል። ሟቹ ሀብታም ነው ድሃ፣ መቼ ታመመ፣ ምን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለታመመ ሰው ግን የሚወጣ አልነበረም። የታመመን ወደ ሐኪም የሚያደርሱት አራት ተሸካሚዎች ናቸው፤ በየመኸሩ እህል የሰፈረላቸውን ቤተሰብ በቃሬዛ ይወስዳሉ፣ ያልሰፈረላቸውን አያውቁትም። የሰፈረላቸውንም ቢሆን ሽማግሌ ሲሆን «ይከብዳል»፣ በሽታው የቆየ ሲሆን «ከውላችን በፊት የጀመረ ነው» እያሉ የሚመልሱበት ጊዜ ነበር።

ሕዝቡ በዚህ ተማርሮ ተሰበሰበ። የዕድሩ ዳኛ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው፣ «ጥሩምባው ለታመመም ይነፋ» አሉ። «ለሬሳ የምንወጣ ሰዎች ለነፍስ ብንወጣ ምን ይጎድልብናል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።»

ጤነኛው ሰው ተነሣ። «ሎሚውን የሚመጠው ሌላ፣ የምሸከመው እኔ ከሆንኩስ?» አለ፤ ሰው ሳቀ። «ሞት አያታልልም፤ ማንም ሁለቴ አይሞትም። ሕመም ግን መች ያልቃል? ጥሩምባ ለሕመም ከተነፋ ራሱን ያመመው ሁሉ ያስነፋል፤ መቼ ልናርስ ነው? ይልቅ ተሸካሚዎቹን በሕግ እንሰራቸው። ሽማግሌ አይመልሱ። የቆየ በሽታ ነው ብለው አይመልሱ። በሽተኛ መንገድ ላይ አያውርዱ።»

ክፉ ምክር አልነበረም። ተሸካሚዎቹ ማሉ፤ ጥሩምባውም እንደ ወትሮው ለሞት ብቻ ተተወ። በእርግጥም ከዚያ በኋላ ብዙ ሽማግሌ ለሐኪም በቃ፤ ሰውየውም በየደረሰበት ይመሰገን ጀመር።

ክረምት ገባ። የሰውየው ሚስት ሆዷን ያዛት፤ አድራ ጎህ ሲቀድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ተሸካሚዎቹ ተጠሩ፣ ሳያንገራግሩ መጡ። በዚያ ጭቃ ቁልቁለቱን ይዘዋት ሲወርዱ ሰውየው እጇን እንደያዘ ከጎን ከጎን ይሄዳል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃው ሞልቶ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ተሸካሚዎቹ ቆሙ።

«ሂዱ እንጂ» አለ ሰውየው።

«ጌታው፣ ይህ ለአራት ሰው የሚሆን ውሃ አይደለም» አለ ከፊት የያዘው። «ብንገባ እሷንም እኛንም ይወስደናል።»

«ምላችሁ አልነበር?»

«መንገድ ላይ አናወርድም ብለን ነው የማልነው። ይኸው አላወረድናትም።»

እውነታቸውን ነበር። ዝናቡ ይመታቸዋል፣ ቃሬዛው ግን ከትከሻቸው አልወረደም። ሕጉ እስከ ውሃው ዳር ድረስ አንድም ሳይጎድል ተፈጽሟል። ሚስቲቱ ዓይኗን ሳትገልጥ «ደረስን እንዴ?» አለች። ሰውየው «ትንሽ ቀረን» አላት፤ ከማዶ የሐኪሙ ቤት ጣራ ይታየዋል።

ያን ውሃ እንዴት እንደሚሻገሩት አሳምሮ ያውቃል፤ ለቀብር ስንት ክረምት ተሻግሮታል። ሃምሳ ስልሳ ሰው ክንድ ለክንድ ተያይዞ ከላይ በኩል ይቆማል፣ የውሃው ጉልበት በሰው አጥር ይሰበራል፣ ቃሬዛው ከታች በኩል ያልፋል። የጎደለው ሰው ብቻ ነበር። ቤቱ ሁሉ ተራርቆ የተሠራ ነውና ደጅ ለደጅ ቢዞር ቀኑ ይመሽበታል። ዳገቱን ሮጦ ጥሩምባ ነፊው ቤት ደረሰ።

ጥሩምባ ነፊው በጣም አዘነ። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ለሕመም አይነፋም ተብሎ ተወስኗል። እርስዎ ራስዎ አይደሉ የተናገሩት?»

ሰውየው ደጁ ላይ ቆመ። ሲናገረው ሰውን ያሳቀው ቃል ዛሬ መንገድ ዘጋበት። ወደ ወንዙ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ላይ ቃሬዛው አይታይም።

«ሞታለች» አለ።

ጥሩምባው ተነፋ። ሰው ከየጎጆው ጎረፈ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ከነእርሻ ልብሳቸው። ሰውየው ከፊት ከፊት እየሮጠ «ኧረ ፍጠኑ፣ ኧረ ፍጠኑ» ይላል። እነሱ ሐዘን ያናወጠው መስሏቸው «አይዞህ፣ ከእንግዲህ ምን ያስቸኩላል?» ይሉታል።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ አራቱ ተሸካሚዎች እንደቆሙ ነበሩ፤ ቃሬዛው አሁንም ትከሻቸው ላይ ነው፣ ሁሉም አቀርቅረዋል። ውሸቱ እውነት ሆኖ ጠበቀው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀና። ሰዎቹ ክንድ ለክንድ ተያያዙ፣ ውሃው ተሰበረ፣ ቃሬዛው ማዶ ደረሰ፤ ስለረጠበ ያጉረመረመ አንድ ሰው አልነበረም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በሐኪሙ ደጅ ያልፋል። ሐኪሙ ሬሳ ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ከወንበሩ ተነሣ። ሰውየው እዚያው ደጅ ላይ ተቀመጠና «ደርሰናል፣ ደርሰናል» እያለ አለቀሰ።

የኔታ ወደ እንዳላማው ዞሩ።

«ተሸካሚዎቹ እነዚያ መድን ሻጮችህ ናቸው፣ ልጄ። ሕግ አውጣላቸው፤ አይከፋም፣ ብዙ ሰው እስከ ወንዙ ዳር ያደርሱልሃል። አራት ሰውን ግን በመሐላ መንደር ማድረግ አይቻልም። ወንዙ የሚፈልገው ሁሉንም ነው።»

«ራሱን ያመመው ሁሉ ያስነፋል የተባለውስ፣ የኔታ? እውነት እኮ ነው።»

«እውነት ነው፣ ያስነፋል። የሚሰንፍም፣ አርፍዶ የሚመጣም አይጠፋም። ለቀብርስ አርፍዶ የሚመጣ የለም? ለዚያ ብለን ግን ሬሳ ጥለን አናውቅም።» ወደ እንዳላማው ጠጋ አሉ። «ነገ ብዙ ነገር እየጠቀሱ ይከራከሩሃል። አንተ አንድ ነገር ጠይቃቸው። ጥሩምባው ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው፣ ወንዙም ያው። ያቺ ሴት ለመሻገር መጀመሪያ መሞት ለምን አስፈለጋት በላቸው።»