የእማማ አስካለ በርና የደምሰው መሠረት

ኑ፣ ቀረብ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ። አንቺ ማስቲካሽን ትፊ። የሚያወራ ሰው ውጭ ነው የሚቀመጠው፤ ውጭ ደግሞ ጭቃ ነው። ጸጥ አላችሁ? ጥሩ።

ይሄ እናንተ ሳትወለዱ የሆነ ነው። እዚሁ እነዋሪ፣ እዚሁ ግቢ። አያታችሁ እማማ አስካለ ከሞላሌ ተነስተው ልጃቸው ጋ መጡ፤ እናታችሁ ስመኝ ጋ ማለት ነው። ቤቱ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ነበር። ሳሎኑ ጥግ መጋረጃ ተጋረደላቸውና እዚያ ተኙ። አባታችሁ ደምሰው፣ የኔ ወንድም፣ መጋረጃው ሥር ተቀምጦ በሬዲዮ ኳስ ያዳምጣል። ጎል በገባ ቁጥር እማማ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

እማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የሚዘጋ በር ስጡኝ። ለሰኔ ሚካኤል በር ከሌለኝ ሞላሌ እመለሳለሁ።»

ሞላሌ ያለው ቤታቸው ጣራው ግማሹ የለም። ውሃ የሚያቀብላቸውም ሰው የለም። ስመኝ አለቀሰች። ደምሰው ክፍል እቀጥላለሁ አለ።

በሩን ጠየቀው። በር ያለ ግድግዳ አልሰቀልም አለ። ግድግዳውን ጠየቀው። ግድግዳ ያለ መሠረት አልቆምም አለ። አትሳቁ። ግድግዳ ይናገራል፤ አባታችሁን ጠይቁት።

እንግዲህ ደምሰው መሠረት ሊመርጥ ተቀመጠ። ቋሚውን እንጨት መሬት ቀብሮ ጭቃ ይምረግ? ምስጥ ይበላዋል አለ። በድንጋይ ያስገንባ? ድንጋይ ይከብዳል አለ። ብረት አቁሞ ሲሚንቶ ያስሞላ? ሲሚንቶ ያስፈራል አለ። ለምን እንደሚያስፈራ እስከ ዛሬ አልነገረንም። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ሰልፍ ይዞ፣ «የትኛዋን መሠረት እንደምይዝ ጨንቆኛል» ሲል አንዲት ሴትዮ ሰማችው። እሷ ለስመኝ ነገረች። ስመኝ ሦስት ቀን አላናገረችውም። ሦስቱንም ቀን ወጡ ጨው አልነበረውም።

በመጨረሻ ግንበኛው ሽብሩ ተጠራ። ሽብሩ ክፍሉ የሚቀጠልበትን የግቢውን ጥግ አንዴ በዶማ መታው። ዶማው እዚያው ተሰክቶ ቀረ። መረሬ ነዋ። መረሬ ማለት ያ ጫማችሁን የሚነጥቃችሁ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተሸከመውንም ይሰነጥቃል።

በር ያለ ግድግዳ አልሰቀልም አለ። ግድግዳ ያለ መሠረት አልቆምም አለ። መሠረት በርጥብ አፈር አልቀመጥም አለ። አፈር ውሃ ካልለቀቀኝ አልደርቅም አለ።

ውሃውስ ከየት መጣ? ሽብሩ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ለካ የጣራው አሸንዳ ውሃውን ሁሉ እዚያች ጥግ ላይ ነው የሚደፋው። ያዞረው ማነው? ደምሰው። ለምን? እዚያ የተከለው ጌሾ ይጠጣ ብሎ። ጌሾው ከደረቀ ሁለት ዓመቱ ነው።

ሽብሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ «ጋሽ ደምሰው፣ መሠረቱን ለጊዜው ይተዉትና ጣራ ላይ ወጥተው አሸንዳውን ያዙሩት» አለው።

ደምሰው መጀመሪያ መሠረት ልምረጥ አለ።

ስሙኝ እንግዲህ፣ እኔ በአንድ ትንፋሽ ነው የምለው። በር ያለ ግድግዳ አልሰቀልም አለ። ግድግዳ ያለ መሠረት አልቆምም አለ። መሠረት በርጥብ አፈር አልቀመጥም አለ። አፈር ውሃ ካልለቀቀኝ አልደርቅም አለ። ውሃ አሸንዳ ካልወሰደኝ አልሄድም አለ። አሸንዳ ደምሰው ካላዞረኝ አልዞርም አለ። ደምሰው መሠረት ካልመረጥኩ ጣራ አልወጣም አለ። ግንቦትም እየሄደ ነበር፤ እሱ ማንንም አልጠበቀም።

አንድ ቀን ጠዋት እማማ አስካለ ልብሳቸውን በነጠላ ቋጠሩ። ቋጠሮውን የሳሎኑ ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። ስመኝ ሮጣ ያዘቻቸው። እሳቸው ግን ወደ መኪና ተራው አልሄዱም። በርጩማ ጎትተው ጥጓ ጋ አቆሙ፤ ወጡበት፤ ምርኩዛቸውን አነሱና አሸንዳውን አንዴ አሉት። ሁለተኛ አላስፈለገም።

አሸንዳ ምርኩዝ ቀመሰና ዞረ። አሸንዳ ዞረና ውሃን ወሰደ። ውሃ ሄደና አፈር ደረቀ። አፈር ደረቀና ሽብሩ እስከ ደረቱ ቆፈረ፤ ጥቁሩ አለቀና ቀዩ ጠጠር ብቅ አለ። ጠጠሩ ላይ የድንጋይ መሠረት ተቀመጠ። መሠረቱ ላይ ግድግዳ ቆመ። ግድግዳው ላይ በር ተሰቀለ። ለሰኔ ሚካኤል ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

እማማ ገቡና አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ። ደምሰው በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። መሠረቱ ሲሚንቶ ቢሆን አይሻልም ነበር ወይ ብሎ ጀመረ። ሽብሩ መለሰለት። እሱም መለሰ። እኔም ጣልቃ ገባሁ፤ ዝም እላለሁ እንዴ? ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እሱ ገና የእንጨቱ መሠረት ላይ ነው።

እማማ አስካለ ወደ ግድግዳው ዞረው ነጠላቸውን ተከናነቡ።

«ደምሰው ልጄ፣ መሠረት ሴት ብትሆን ኖሮ አንተ እስክትመርጣት አግብታ ሦስት ወልዳ ነበር። በሬን ዝጋልኝ።»