ጭስ የደረሰው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ የገባ ነፋስ መውጫ በሚያጣበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ አንድ ጅብ እናቷ ከሞተችባት አንዲት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ሆዱ ሰፊ፣ ማሰቢያው ጠባብ ነበረ። ይሁን እንጂ ስስቱ ከልጁ ላይ ሲደርስ ይሸነፍ ነበርና ከሰበረው አጥንት ሁሉ መቅኔውን ለእርሷ ይተውላት ነበር።

በበጋው መባቻ ቀበሮ መጥታ ከጅቡ ዋሻ በታች አረቄ ቤት ከፈተች። ገብስ ስትቆላ፣ ጥንስሷን በእርጥብ እንጨት ስታፈላ ትውላለች። ጅቡም የተቆላው ገብስ መዓዛ ስቦት ምራቁን እያዝረበረበ ወረደ።

«አያ ጅቦ፣ እንኳን መጡ» አለች ቀበሮ ዝቅ ብላ። «ድርሻዎን ላስታውቅዎ ነበር። አረቄው የእኔ ይሁን፤ አተላው እንጨት ለምትሸከመው ለአህያ። ከምድጃዬ የሚወጣው ጭስ ግን ከነመዓዛው የእርስዎ ነው።»

«ሁሉም?»

«ቅንጣት አልቀንስብዎትም።»

«ማኘክ አለበት?»

«ማኘክም መዋጥም የለበትም። አፍንጫዎን መክፈት ብቻ ነው።»

ጅቡ በልቡ ቀበሮን ሞኝ አላት። ሐሳቧን እንዳትለውጥ ሰግቶም ወዲያው አውሬዎች ከሚሰበሰቡበት ዋርካ ሥር ሄደና፣ ሁሉም እየሰሙ፣ «ከዚያ ቤት የሚወጣው ጭስ የእኔ ነው» ብሎ ማለ።

ጭሱ ግን ከሸለቆው አልወጣም። ቀን በቀን እየደረበ ሸለቆው ላይ ተኛ፤ የዋርካውን ቅጠል አጠቆረ፤ ወፎቹን አሰደደ፤ ፀሐይዋንም የደፈረሰ ዓይን አስመሰላት። የጅቡ ልጅ ማሳል ጀመረች።

«አያ ጅቦ፣ ልጅዎ ብሶባታል» አለች አህያ፣ የእንጨት ሸክሟን አውርዳ። «የእኔም ጉሮሮ ተዘግቷል። እሳቱ እንዲቀንስ ቢናገሩልን ምናለ?»

«አንቺ ደግሞ የማንን ጭስ ነው የምትስቢው?»

«ኧረ መተንፈሴ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ባለቤቱ ሳይፈቅድ መሳብ ሌብነት ነው። ወደዚያ ዞረሽ ተንፍሺ።»

«ወደየት ልዙር? ጭስ የሌለበት በየት በኩል ነው?»

ጅቡ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ዋሻው ወጣ። አመሻሹ ላይ የልጁ ደረት እንደተቀደደ ወናፍ ሲያፏጭ ሰማ። ረሃብ ነው ብሎ አሰበ፤ ከድርሻው ጠግባ እንድትስብም ከዋሻው አውጥቶ ወደ ምድጃው አስጠጋት።

አውሬዎቹ መታገሥ ሲያቅታቸው ለአንበሳ አቤት አሉ። አንበሳው መጣ፤ ቀበሮ ካቀረበችለት ቅል ተጎነጨና፣ «ይህን ጭስ የለቀቀ ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ እኔ የማወጣው አረቄ ነው» አለች ቀበሮ አንገቷን ደፍታ። «ጭሱ ባለቤት አለው። እነዚህ ሁሉ እየሰሙ ምሎበታል።»

አንበሳው ወደ ጅቡ ዞረ። «ያንተ ነው?»

ጅቡ ድርሻውን ሊቀሙት የመጡ መሰለው። ደረቱን ነፋ። «የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍልም።»

«እንግዲያው ጭስህን ይዘህ ከዚህ ሸለቆ ውጣ።»

ጅቡ ጭስ በምን እንደሚያዝ ግራ ገባው። አፉን ከፍቶ የቻለውን ያህል ሳበ፤ ልጁን በማጅራቷ አንጠልጥሎም ዳገቱን ወጣ። ከኋላው የቀበሮ ምድጃ እንደ ወትሮው ይነድ ነበር።

ገደሉ አናት ላይ ንጹሕ ነፋስ ተቀበላቸው። ልጁን ሣሩ ላይ አስተኛትና ጆሮውን ወደ ደረቷ ጣል አደረገ። ሳሉ ቆሟል፤ ፉጨቱም የለም።

«ተሻላት» አለ ለራሱ።

እንዳይቀሰቅሳትም ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ከጎኗ ተቀመጠና እስክትነቃ ይጠብቃት ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ ትርፉን ለራሱ አስቀርቶ ጭሱን ለጎረቤት ስጦታ አስመስሎ የሚያድል ቢመጣ፣ ስጦታውን ሳይመረምር የተቀበለ ሁሉ የሌላውን ጥፋት በራሱ ስም፣ ሐዘኑንም በራሱ ቤት እንደሚሸከም ነው።