ደም ያልፈሰሰበት ጉዳት

አንድ ሣር ቤት የሚከድን ባለሙያ ነበር። ስሙ እንዳላማው ይባላል። ክረምት ሲቃረብ ሀብታሙም ድሃውም የሚያስጠራው እሱን ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሣሩን ሲደረድር ለሚያየው ሰው ሥራው ጨዋታ ይመስላል።

አንድ የገበያ ቀን የአንድ ጨው ነጋዴ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ከነጂው እጅ አመለጠና እንዳላማውን ከኋላው መትቶ መሬት ላይ ዘረረው። ገበያተኛው ተሯሩጦ ከበበው። ነጋዴውም ደንግጦ መጣ።

«ተጎዳህ ወይ ወንድሜ?» አለው።

እንዳላማው ራሱን ቢያይ ደም የለም፣ የተሰበረም የለም። ይልቅስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በአፍጢሙ መደፋቱ አሳፈረው። ብድግ ብሎ ልብሱን አራገፈና «ምንም አልሆንኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ነጋዴው ጉልበቱን ስሞ ይቅርታ ጠየቀው፤ እሱም ይቅር አለው። እኛ አገር ደህና ነኝ ማለት ጨዋነት ነው፤ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ተመስገን ይላል። ልማዱ መልካም ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

በማግስቱ አንገቱ አልዞር አለ። ሕመሙ ወረድ ብሎ ትከሻውን ያዘውና ቀኝ እጁን ማንሳት መከራ ሆነበት። ሚስቱ ትሁኔ በቅቤ ብታሸው አልሻለውም። ወጌሻ አስጠራች። ወጌሻው ዳሰስ ዳሰስ አደረገውና እንዲህ አለ፦

«አጥንትህ ደህና ነው። የተጎዳው ሥጋህና ጅማትህ ነው። ይህ እንደ ስብራት ዕለቱን አይታወቅም። እስከ መስከረም ካረፍክ ይድናል፤ እጅህን ወደ ላይ እያነሳህ ከሠራህ ግን ይበጠስና እንዲሁ ትቀራለህ።»

ለድሃ ዕረፍት ከመድኃኒት ሁሉ ይወደዳል። የእንዳላማው ቤት የዓመቱን እንጀራ የሚያገኘው በክረምቱ መግቢያ ነው።

«ሽማግሌዎች ዘንድ ሂድና ካሳ ጠይቅ» አለችው ትሁኔ። «እስክትድን የምንበላው እሱ ነው።»

«በአደባባይ ደህና ነኝ ብዬ፣ ጉልበቴን አስሜ፣ አሁን በምን ዓይኔ ሽማግሌ ፊት እቆማለሁ?»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?»

ሰምቷል። ግን ይሉኝታ ያዘው። ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተ፤ ሕመሙ ብሶ እንቅልፍ ሲነሳው ነው የሄደው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ጎሹ ይባላሉ። በዚያ አገር ደም ለፈሰሰ፣ አጥንት ለተሰበረ ካሳ ይከፈላል፤ ተበዳይም ቁስሉን ገልጦ ያሳያል።

«ቁስልህን አሳየን» አሉት አባ ጎሹ።

«ውስጤ ነው አባቴ።»

ነጋዴው ተነሳና «ያን ዕለት ደህና ነኝ ብሎኛል። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለናል፤ ገበያተኛው ሁሉ ይመስክር» አለ። አልዋሸም። ምስክሮቹም ቀርበው ይህንኑ ተናገሩ። በመጨረሻ ወጌሻው ተጠራ።

«አጥንቱ ተሰብሯል?» አሉት አባ ጎሹ።

«አልተሰበረም፤ ነገር ግን...»

«በቃ፣ ተቀመጥ።»

ካሳ አይገባውም ተብሎ ተፈረደ። ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

እንዳላማው ወደ ጣሪያው ተመለሰ፤ ምን ምርጫ አለው? ጥርሱን ነክሶ ሲሠራ ሰነበተና አንድ ቀን ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማው። የያዘው ሣር ከእጁ ወደቀ። ያ እጅ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ክረምቱ ሲበረታ አባ ጎሹ በዚያ መንደር ሲያልፉ አንዲት ሴት ጣሪያ ላይ አዩ። በዚያ አገር ሴት ቤት ስትከድን ታይቶ አይታወቅምና በቅሏቸውን አቆሙ። ትሁኔ ነበረች። የሚያፈሰውን የገዛ ቤታቸውን ዝናብ እየወረደባት ትከድናለች። ያ የአገሩን ሁሉ ቤት የከደነ ሰው ከታች ቆሞ በግራ እጁ ሣር ያቀብላታል። አንገቱ ወደ ላይ አልቀና ስላለው ሊያያት አይችልም። መሬት መሬቱን እያየ «አጥብቀሽ እሰሪው፣ እግርሽን ጠንቀቅ አድርጊ» ይላታል።

አባ ጎሹ ከበቅሏቸው ወረዱ። ልባቸው ተነካ።

«ልጄ፣ እንዲህ መሆንህን ለምን አልነገርከንም?»

«ነግሬያችሁ ነበር አባቴ። እኔ ዘግይቼ ተናገርኩ፤ እናንተ ደግሞ ቸኩላችሁ ሰማችሁኝ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ሣሩን ለትሁኔ ያቀብሏት ጀመር፤ እንባቸውም ይወርድ ነበር። ቤቱ ያን ቀን ተከደነ። እጁ ግን በእንባ አልተመለሰም።

ወዳጆቼ፣ ደም የማይታይበት ጉዳት ብዙ ነው። የተጎዳ ሰው ሕመሙን በጊዜ ይናገር፣ ራሱን ያስመርምር፤ የሚገባውን ካሳ መጠየቅ ስስት አይደለም፣ ነውርም አይደለም። ይቅርታ ቂምን ይሽራል እንጂ ጅማት አይቀጥልም። ለመፍረድ የተቀመጥን ደግሞ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንስማ፤ ያላየነው ሁሉ የለም ማለት አይደለምና።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ደህና ነኝ ያላችሁን ሰው ቆም ብላችሁ ደግማችሁ የጠየቃችሁት መቼ ነው?