በአለቃ ስም መፈተን

አቶ ሽመክት የሚባሉ የአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ደኅንነት ኃላፊ ነበሩ አሉ። ሹመቱን በዘመድ ስላገኙት፣ ኮምፒውተሩን የሚነኩት አቧራ ሲይዘው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ኃላፊ ሁሉ በእጁ እየሠራ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያምጣ፣ ያላመጣ ወንበሩን ይልቀቅ ተባለ።

አቶ ሽመክት ከሥራቸው ያለችን አንዲት ምላሰኛ ቴክኒሻን አስጠሩና፣ «ፈተናው ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር ነው። በእኔ ስም ገብተሽ ትፈተኚልኛለሽ» አሏት።

«እምቢ ብልስ ጋሼ?»

«ትባረሪያለሻ! እኔ ብወድቅም ትባረሪያለሽ።»

ልጅቷ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እሷም፣ «ለመሆኑ ጥያቄው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«እሱ የአንቺ ፈንታ ነው!»

«ጥያቄው ኔትወርኩ ውስጥ በሰው ስም ሾልኮ የገባን ሌባ ፈልጎ መያዝ ነው። በደንብ ከፈለግሁ መጀመሪያ የማገኘው በስምዎ የገባሁትን እኔን፣ ከኋላዬም ላኪዬን እርስዎን ነው። ካልፈለግሁ ደግሞ ይወድቃሉ። እንግዲህ ይምረጡ ጋሼ፤ ሌባ ተብለው ይያዙ ወይስ ሰነፍ ተብለው ይውደቁ? ለመውደቁ ግን እኔ አላስፈልግዎትም፤ እሱንስ ራስዎ አሳምረው ይችሉበታል።»